ሳል የሌላት ሴት

ስፌት ቤቱ ውስጥ አርባ መኪና አለ። አርባ የስፌት መኪና በአንድ ጊዜ ሲነሳ ሰው የገዛ ሐሳቡን መስማት እንኳ ይቸግረዋል። የእሷን ድምፅ ግን ከመጀመሪያው ረድፍ እስከ መጨረሻው የማይሰማ የለም። ስለዚህ ጡሩምባ አሏት። በፊቷ «እትዬ» ነች፤ ዞር ስትል «ጡሩምባ መጣች፣ ጡሩምባ ሄደች» ነው። ታውቃለች። ስሙን በአፏ ባታነሳውም በሆዷ ትወደዋለች፤ ሰው የሚታወቅበት ነገር ካገኘ ሌላ ምን ይፈልጋል።

ድምፁን ያመጣችው ከቤት ነው። አባቷ ዕድሜ ልካቸውን ወፍጮ ቤት የሠሩ ሰው ናቸው፤ ወፍጮው የሰፈሩን እህል ሲፈጭ ኖሮ በመጨረሻ የእሳቸውንም ጆሮ ፈጨው። እሷ ነፍስ ባወቀችበት ጊዜ አባቷ የሚሰሙት አፍ ጆሯቸው ላይ ተደግኖ ሲጮህ ብቻ ነበር። በዚያ ቤት «ደህና አደሩ» የሚባለው እንኳ እንደ ጠብ ነው። እናቷ በሕይወት ሳሉ «እኛ ቤት ምስጢር የለም፤ ጎረቤት እራታችንን ከእኛ እኩል ያውቃል» ይሉ ነበር። ልጅቷ እንዲህ ሆና አደገችና በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ክር ለቃሚ ሆና ስፌት ቤቱ ገባች።

የዚያኑ ዕለት፣ በዚያው በር፣ ሌላ ልጅም ተቀጠረች። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሲጠሯት «አቤት» ብላ ከዚያ በኋላ ቃል የማትጨምር። እሷን ልብስ ተኳሽ አድርገው ካውያ ላይ አቆሟት። ሁለቱ ለብዙ ዓመታት ምሳቸውን ከአንድ ዕቃ በሉ። አንዷ ታወራለች፣ አንዷ ትሰማለች፤ እንዲህ ያለ ጓደኝነት ደግሞ ብዙ ይቆያል። የጡሩምባ እናት የሞቱ ጊዜ ተኳሿ ሦስት ቀን ሙሉ ከቤቱ አልወጣችም፤ ዕቃ ስታጥብ፣ ወንበር ስትደረድር ሰነበተች። በሦስቱም ቀን የተናገረችው ቢቆጠር አሥር ቃል አይሞላም።

ጡሩምባ የተሾመችበት መንገድ አስቂኝ ነው። የዚያን ጊዜው የመስመር ኃላፊ አንድ ቀን «መኪና አቁሙ፣ ጨርቁ ተሳስቷል» እያለ ሲለፋ የሰማው አልነበረም። እሷ ከኋላ፣ ከክር ክምሩ መካከል፣ መቀሷን እንደያዘች አንድ ጊዜ ደገመችለት። አርባውም መኪና ቀጥ አለ። የድርጅቱ ባለቤት ከፎቅ ቢሮው ወርዶ «ይህ የማን ድምፅ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ብዙም ሳይቆይ ኃላፊ ሆነች። ሰው በእጁ ይሾማል፣ እሷ በጉሮሮዋ። እጇም ቢሆን የሚናቅ አይደለም፤ ኮሌታ ስትሰፋ አይቶ የማይመሰክርላት የለም። ግን እውነቱን እንናገር ካልን የሾማት ጉሮሮዋ ነው።

አግብታም ነበር። ባሏ ሰዓት ጠጋኝ፣ የሰዓት ምት ካልሆነ ሌላ ድምፅ የማይወድ ሰው ነበረ። ሁለት ዓመት ችሎ ኖረ፤ በሦስተኛው «አንቺ ጥፋት የለብሽም፣ እኔ ነኝ ጆሮዬ የሳሳው» ብሎ ሻንጣውን ይዞ ወጣ። ይህን ስትተርክ እሷው ቀድማ ትስቃለች። ከዚያ ወዲህ ከአባቷ ጋር ትኖራለች፤ ከአባቷ ጋር ለመኖር ደግሞ የእሷን ያህል የተዘጋጀ ሰው የለም።

አሠራሯ ሁለት ዓይነት ነው። ጠዋት ጠዋት ከሁለተኛውና ከሦስተኛው ረድፍ መካከል ባለችው የእንጨት ሳጥን ላይ ወጥታ የቀኑን ሥራ ትናገራለች። ማስተማር ሲሆን ከሳጥኗ ትወርዳለች። በሰፊዋ በስተቀኝ የመኪናው መዘውር ስለሚሽከረከር በግራ በኩል ታጎነብሳለች፣ አፏን ከሰፊዋ ጆሮ ሥር ታስጠጋለች፣ መኪናው ሳይቆም ታስረዳለች። «መኪና ቆመ ማለት ሥራ ቆመ ማለት ነው» ትላለች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ታምማ የቀረችበት ቀን የለም። የጉንፋን ወሬ ሲነሳ «እኔን አያውቀኝም» ትልና ደረቷን በመዳፏ መታ መታ ታደርጋለች።

ተኳሿ ግን ሳል አላት። አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። ሐኪም አይቷት አስም ነው፣ ወደ ሰው አይተላለፍም ብሏታል፤ የሚነፋውን መድኃኒት በሽርጧ ኪስ ይዛ ትውላለች። መጀመሪያ ሰሞን በሳለች ቁጥር «ይማርሽ» ይሏት ነበር። ኋላ ሰለቻቸው። የመተኮሻው ጠረጴዛ ከክፍሉ ጫፍ፣ ከትልቁ መስኮት ሥር ነው፤ እንፋሎቱ እንዳያፍናት መስኮቱን ክረምት ከበጋ ከፍታ ትሠራለች።

ይህ መስኮት የጠብ ምንጭ ነበር። በዚያ ስፌት ቤት የበሽታ ሁሉ አባት ንፋስ ነው። ወገብ ቢያም ንፋስ ነው፣ ጥርስ ቢጠዘጥዝ ንፋስ ነው፤ አንዷማ ባሏ ቢያኮርፋት «ንፋስ መትቶት ይሆናል» አለች ይባላል። ያን ሰሞን ብርዱ ሲጠና ሠራተኞቹ ተሰብስበው ለጡሩምባ አቤት አሉ። እሷም መስኮቶቹን ሁሉ አስዘጋች፣ በየስንጥቁ ቁርጥራጭ ጨርቅ አስወተፈች። የተኳሿን መስኮት ብቻ፣ አብረው ስለሚበሉት ምሳ ብላ፣ ተወችላት።

በዚያው ሳምንት አዲስ ትዕዛዝ መጣ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ነው፤ ኮሌታው ከዚህ በፊት ተሰፍቶ የማያውቅ ዓይነት፣ ጫፉ ክብ፣ ውስጡ ድርብ። ትምህርት ቤቶች ሳይከፈቱ መድረስ አለበት። ኮሌታ የሚሰፉት አሥራ አራት ናቸው፣ ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ረድፍ ይዘው የሚቀመጡ። ጡሩምባ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ከአንዷ ጆሮ ወደ ሌላዋ ጆሮ ስትል ዋለች። «አትጎትቺው፣ ራሱ ይዙር፤ ጨርቁን ተከተይው እንጂ አትምሪው» እያለች፣ አንዱን ነገር አሥራ አራት ጊዜ፣ ላልገባት ደግሞ ሃያ ጊዜ።

ማክሰኞ ከሰዓት ጉሮሮዋን ከረከራት። ሎሚ በሙቅ ውሃ ጠጣች፣ አለፈላት። ማታ ብርድ ብርድ ቢላት ሁለት ብርድ ልብስ ደርባ ተኛች። ጠዋት ተነስታ ሳጥኗ ላይ ወጣች። አንድ ጊዜ እንኳ አልሳለችም፣ አላስነጠሳትም። ያቺን ማታ ከእሷ በቀር ያወቀ የለም፤ እሷም በሁለተኛው ቀን ረሳቻት።

ዓርብ ሦስት ኮሌታ ሰፊዎች ቀሩ። ሰኞ ዘጠኝ ሆኑ። ከሳጥኗ ፊት ለፊት የሚቀመጡት ቁልፍ ሰፊ፣ ከሁሉም በዕድሜ የገፉትና ሁሉም «እማማ» የሚላቸው፣ ትንፋሽ አጥሯቸው ሆስፒታል ገቡ።

ባለቤቱ ከፎቁ ወረደ። የቀሩት መኪናዎች እየሮጡ ነው። ባዶ ወንበሮቹን አንድ በአንድ አየና «ማነው ይህን ያመጣብን?» ብሎ ጮኸ። ያኔ ከክፍሉ ጫፍ ተኳሿ ሳለች። ሳሉ በመኪናው ጩኸት ውስጥ አልተሰማም፤ የትከሻዋ መንቀጥቀጥ ግን ታየ። የሁሉም ዓይን ወደ እሷ ሄደ። ሳጥኗ ላይ የቆመችው የጡሩምባም ዓይን ሄደ።

«አንቺ! ሳልሽ እስኪለቅሽ ቤትሽ ተቀመጪ!» አለች በዚያ መኪና በማያሸንፈው ድምጿ። «ሰው ጨረስሽብን!»

ተኳሿ ካውያውን አስቀምጣ እስከ ሳጥኑ ድረስ መጣች። ቀና ብላ አየቻት።

«የእኔ ሳል አሥራ አንድ ዓመቱ ነው» አለች። «እስከ ዛሬ ማንን አሳመመ?»

«ሲለቅሽ ትመለሻለሽ።»

«እንደማይለቀኝ ታውቂያለሽ።»

ታውቃለች። ግን ባለቤቱ ቆሞ ይሰማል፣ ሠላሳ ሰው ያያል፣ ካፍ ከወጣ ደግሞ አፋፍ ነው። ከሳጥኗ አልወረደችም። ተኳሿ የመተኮሻውን ጨርቅ አራት አጥፋ አስቀመጠች፣ መድኃኒቷ ኪሷ ውስጥ መኖሩን ዳሰስ አደረገች፣ ወጣች። ሁለት ልጆች ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት፤ ከካውያ በቀር የምታውቀው ሥራ የለም።

መስኮቱንም ወዲያው ዘጉት፣ ጨርቅ ወተፉበት። የመጨረሻው ረድፍ ሰዎች «እፎይ፣ ከንፋስ ተገላገልን» አሉ። ጡሩምባ ያን ቀን ምሳዋን ብቻዋን በላች። ልክ ሠርቻለሁ ብላ ራሷን ለማሳመን ብዙ ለፋች፤ አንድ ነገር ግን እየቆየ ይቆረቁራት ነበር። ብትሰድበኝ ኖሮ ይቀለኝ ነበር አለች በልቧ። ጨርቁን አጥፋ መሄዷ ነው የከበዳት።

የመስኮቱ እፎይታ አምስት ቀን ቆየ። በስድስተኛው ቀን እስከዚያ ድረስ አንድም ያልታመመባቸው እነዚያው የመጨረሻው ረድፍ ሰዎች ተራ በተራ ወደቁ። በእሷ ቦታ የገባችው ተኳሽም ታመመች። የምትስለዋ ከሄደች በኋላ በሽታው ለምን እንደባሰ የጠየቀ አልነበረም። «መርዙን ትታልን ነው የሄደችው» አለ አንዱ፣ ሌሎቹም ተቀበሉት። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚባለው ይኸው ነው።

ሆስፒታሉ አስታውቆ ኖሮ አንዲት የጤና ባለሙያ መጣች። ወጣት ናት፣ ማስክ አድርጋለች፣ ድምጿ ዝቅ ያለ ነው። ገና ስትገባ መኪናዎቹን ሁሉ አስቆመች፣ ቀጥላ መስኮቶቹን አስከፈተች። ጡሩምባ ሁለቱንም አልወደደችላትም።

«ማን የት እንደሚቀመጥ፣ መቼ እንደታመመ ልወቅ» አለች ባለሙያዋ። «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው።»

«እሱን ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ነይ ልጄ» አለች ጡሩምባ።

እውነቷን ነው። የስፌት ጠመኔ አንስታ መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ክፍሉን ነደፈችው፤ አምስት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት መኪና፣ ጫፉ ላይ መተኮሻው፣ መካከሉ ላይ ሳጥኗ። ከእማማ ዕቃ ውስጥ ቁልፍ አመጣች። ተኳሿ ከመሄዷ በፊት ለታመሙት ቀይ ቁልፍ፣ ከሄደች በኋላ ለታመሙት ነጭ ቁልፍ። ባለሙያዋ ከማስታወሻዋ ታነባለች፣ እሷ በየወንበሩ ታስቀምጣለች፤ ያልታመሙት ሠራተኞች ከበው ያያሉ።

ቀዮቹ አሥር ሆኑ። ዘጠኙ ኮሌታ ሰፊዎቹ ላይ፣ አሥረኛው እማማ ላይ። መተኮሻው ዙሪያ አንድም ቀይ አልነበረም።

«የሚስሉት ሠራተኛ የሚቆሙት የት ነበር?» አለች ባለሙያዋ።

«እዚህ።» ጡሩምባ ባዶውን ቦታ በጣቷ ነካችው።

«ከአጠገባቸው የሚቀመጡት ስምንቱ፣ እሳቸው እያሉ አንዳቸውም አልታመሙም?»

ጡሩምባ ጠረጴዛውን ደግማ አየችው። «አልታመሙም» አለች።

«የታመሙት እሷ ሄዳ መስኮቱን ከዘጋነው በኋላ ነው» አለ ከከበቡት አንዱ፤ ገና አሁን የገባው ይመስላል።

ባለሙያዋ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ስታስረዳ አልተቻኮለችም። ሳል ሁሉ ተላላፊ አይደለም፣ ተላላፊ በሽታ ሁሉም ሳል የለውም አለች። ቫይረሱ ሰው ሲናገርም ከትንፋሹ ጋር ይወጣል፤ ሲጮህ ደግሞ ይበልጥ ይወጣል። ይህም እንደየሰው ነው፤ ሁለት ሰዎች እኩል ጮኸው አንዱ ከሌላው አሥር እጥፍ ሊረጭ ይችላል። ለምን ቢሉ አጥርቶ የሚያውቅ ገና የለም፤ የምራቁ ውፍረት ነው የሚልም አለ፣ የጉሮሮው አሠራር ነው የሚልም አለ። በዚያ ላይ ቀኑ አለ። ቫይረሱ ጉሮሮ ውስጥ የሚበዛው ሕመሙ ሊጀምር ሲልና በጀመረ ሰሞን ነው፤ ሰውየው ያኔ «ደህና ነኝ» ብሎ ሥራ ላይ ሊሆን ይችላል። ብዙው ሕመምተኛ ለማንም ሳያስተላልፍ፣ ቢበዛ ለአንድ ሰው አስተላልፎ ይድናል። ጥቂቱ ግን ቀኑና ክፍሉ ሲገጥምለት ለአሥር ሰው ያዳርሳል።

«ጠብታ ከሆነ መሬት ይወድቅ የለም እንዴ?» አለች ጡሩምባ።

«ትልቁ ይወድቃል። ትንሹ አየር ላይ ይቆያል።»

ከዚህ በላይ ማስረዳት አላስፈለጋትም። ስፌት ቤቱ ሁለት ካውያ አለው። አሮጌው ውሃ ጠብ ጠብ እያደረገ ጨርቅ ያበላሻል፤ አዲሱ እንፋሎቱ እንደ ጉም ወጥቶ መስኮት ካልተከፈተ ክፍሉን ይሞላዋል። ሰው የሚረግመው አሮጌውን ነው፣ ምክንያቱም ይታያል። ጡሩምባ በዝግ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ የሚያሳጥረው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሐኪም አያሻትም።

«እንግዲህ» አለች ባለሙያዋ ብዕሯን አንስታ፣ «በዚያ ሳምንት ለእነዚህ አሥር ሰዎች ቀርቦ ሲናገር የነበረ ሰው አለ?»

ከኮሌታ ሰፊዎቹ ሳትታመም የተረፈችው አንዷ ዓይኗን ወደ ጡሩምባ ልካ ቶሎ መለሰችው። ሌሎቹ መሬት መሬት አዩ።

ጡሩምባ ክው አለች። ማክሰኞ ከሰዓት በአንድ ጊዜ ተመልሶ መጣባት፤ ሎሚው፣ ሁለቱ ብርድ ልብስ። እነዚያን ቀይ ቁልፎች በገዛ እጇ ስትደረድር የደረደረችው የገዛ መንገዷን ነው፣ ከግራ ጆሮ ወደ ግራ ጆሮ። የራሷ እያረረባት የሰው ስታማስል ከርማለች።

ውሸቱም ተዘጋጅቶ አፏ ላይ ነበር። «ተኳሿ ያለቀውን ለመሰብሰብ በየረድፉ ታልፍ ነበር» ቢባል ማን ይከራከራል? ባለቤቱ ፎቅ ላይ ነው፣ ሠራተኞቹ ይፈሯታል፣ ተኳሿ የለችም። እውነቱን ከተናገረች አሳልፋ የምትሰጠው ያንኑ የሾማትን ጉሮሮ ነው፤ ኃላፊነቱም ሊሄድ ይችላል። ካልተናገረች ግን አንዲት ሴት፣ ማንንም ያልጎዳ ሳሏን ይዛ፣ ከሁለት ልጆቿ ጋር ሜዳ ላይ ቀረች ማለት ነው። ያቺ ሴት ደግሞ እናቷ የሞቱ ጊዜ ወንበር ስትደረድር የሰነበተችው ናት።

«እኔ ነኝ» አለች።

ዕድሜዋን ሙሉ በዚህ ድምፅ ተናግራ አታውቅም፤ ማንም አልሰማትም።

«ምን አሉኝ?» አለች ባለሙያዋ ጎንበስ ብላ።

«እኔ ነኝ» አለች እንደገና፤ መኪናው ሁሉ ቆሟልና ድምጿ ከግድግዳ ግድግዳ ሄደ። «ማክሰኞ ጉሮሮዬን ከርክሮኝ ነበር። ማታውን ሲያንቀጠቅጠኝ አደረ። ረቡዕ መጥቼ ኮሌታውን ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ፣ በየጆሯቸው ሥር። እማማም ከሳጥኔ ፊት ነው የሚቀመጡት።»

ባለሙያዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«እንደ ወንጀል አይያዙት» አለች ባለሙያዋ። «ትንፋሽዎን በመሣሪያ አልለካንም፤ ከሌላው ሰው ይበልጥ ይረጫሉ ብዬ አልፈርድም። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል። ቀኑ፣ ድምፁ፣ ቅርበቱ፣ የተዘጋው መስኮት ተደራርበው ነው። በሌላ ሳምንት ቢሆን አንድም ሰው ላይይዘው ይችል ነበር።»

«የጉሮሮዬስ እሺ» አለች ጡሩምባ። «መስኮቱን ያዘጋሁት፣ ተኳሿን ያባረርኩትስ?»

ባለሙያዋ ስለሚመጣው ብቻ ተናገረች። ጉሮሮ ሲከረክር ቀላል ነው ሳይባል ቤት እንዲዋል፣ መስኮቱ ክፍት እንዲሆን፣ ሲያስተምሩም መኪናው ቆሞ በቀስታ እንዲነገር መክራ፣ ማስክ ሰጥታ ሄደች። «መኪና ቆሞ?» አለች ጡሩምባ ከኋላዋ፤ ከሁሉም የከበዳት ይህ ይመስል ነበር።

ቤት ስትደርስ አባቷ እንደ ወትሯቸው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የቀኑን የመጨረሻ ፀሐይ ይሞቃሉ። በዓለም ላይ ከማንም ይልቅ የጮኸችው በእሳቸው ጆሮ ነው፤ በዚያ ሳምንትም ተደፍታባቸው አውርታለች። እሳቸው ግን አልታመሙም። ያተረፋቸው በረንዳው ይሁን ዕድላቸው፣ እሱን ባለሙያዋም አታውቀው። ጡሩምባ ሊሆን ይችል የነበረውን ስታስበው ራቅ ብላ ቆመች። አልቀረበቻቸውም። ከቦርሳዋ የዩኒፎርም ቁራጭና ጠመኔ አወጣች፣ ጨርቁ ላይ «ጓደኛዬን ያለ ጥፋቷ አባረርኳት» ብላ ጽፋ አሳየቻቸው።

አባቷ መነጽራቸውን አድርገው ረጅም ጊዜ አነበቡት።

«ጽፈሽ ማምጣትሽ ጥሩ ነው፤ ብትጮሂው ጎረቤት ይሰማብሽ ነበር» አሉ። ቀጥለውም «በይ ሂጂና መልሻት» አሉ። የእሳቸው ድምፅ ዝቅ ብሎ ስለማያውቅ ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

በማግስቱ ሄደች። ተኳሿ የምትኖረው በአንድ ግቢ ጓሮ፣ ባለ አንድ በር ኪራይ ቤት ውስጥ ነው። በሩን ከፍታ፣ የመመገቢያውን ጠረጴዛ ደጃፉ ላይ አድርጋ የጎረቤት ሸሚዝ ትተኩሳለች። ከአጠገቧ የሌላ ሰው ልብስ ክምር አለ፤ ክምሩ ትንሽ ነበር።

«ግቢ» አለች ቀና ሳትል።

«እዚሁ ይሻለኛል» አለች ጡሩምባ ከግቢው መካከል ቆማ። ማስኳን እንዳደረገች፣ በቀስታ፣ ከማክሰኞው ሎሚ ጀምራ እስከ ቀይ ቁልፎቹ ድረስ ነገረቻት። ባለቤቱም መስማቱን፣ ሥራዋ እንደሚጠብቃት ነገረቻት። ተኳሿ እጅጌውን፣ ከዚያ ኮሌታውን፣ ከዚያ ጀርባውን ተኩሳ ጨረሰች።

«ለማን ተናገርሽው?» አለች በመጨረሻ።

«ለሐኪሟ። ለባለቤቱ። ለሁሉም።»

«እኔ አልሰማሁም።»

«አሁን ነገርኩሽ እኮ።»

«አሁንማ በሹክሹክታ ነው። ስታባርሪኝ እንዲህ ነበርሽ?» ተኳሿ ካውያውን አቆመች። «ሳጥንሽ ላይ ቆመሽ፣ መኪናው እየሮጠ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው ያባረርሽኝ። ስትመልሺኝም እንደዚያው አድርገሽ መልሺኝ።»

«ሐኪሟ አትጩሂ ብላኛለች።»

«መስኮት ክፈቺ፣ በር ላይ ቁሚ» አለች ተኳሿ። «የአንቺ ጩኸት እንደሆነ ከመንገድ ማዶም ይሰማል።»

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ስትናገር የሰማት የለም። ጡሩምባ ክርክር አላነሳችም፤ እሺ ብላ ሄደች።

እስከ ሰኞ ያሉትን ቀናት ኮሌታውን ለተረፉትና ድነው ለተመለሱት እንደ አዲስ አስተማረች። መኪና አስቆመች፣ ራሷ ተቀመጠች፣ ቀስ ብላ እየሰፋች በእጇ አሳየች። በጆሮ ሦስት ቀን የፈጀው ትምህርት በዓይን ግማሽ ቀን በቃው። ይህን ያህል ዓመት ለምን እንደጮኸች አሰበችና ትንሽ ተናደደች፣ ትንሽም አፈረች። ሰዎቹ አንገታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመው፣ በተከፈተው መስኮት እያጉረመረሙ ሰፉ። እማማ ከሆስፒታል ወጥተው ቤታቸው እያገገሙ መሆኑ ተሰማ።

ሰኞ ጠዋት ተኳሿ መጣች። አራት ያጠፈችውን ጨርቅ ዘረጋች፣ በመስኮቷ ስንጥቅ የቀረውን ቁርጥራጭ አንድ በአንድ ነቅላ ጣለች፣ ካውያዋን አጋለች። ጡሩምባ ሳጥኗን ከረድፎቹ መካከል አንስታ እስከ ዋናው በር ተሸክማ ወሰደችው። «መኪና አስነሱ» አለች። አስነሱ። ሳጥኑ ላይ ወጣች።

«በሽታውን ያመጣችው ተኳሿ አይደለችም!» አለች። «ያመጣሁት እኔ ነኝ! ያለ ጥፋቷ ነው ያባረርኳት፤ ይቅርታ እጠይቃታለሁ!»

መኪና አላሸነፋትም፤ ክፍሉ ሁሉ ሰማ። ተኳሿ ግን ከእንፋሎቱ ኋላ ሆና መዳፏን ጆሮዋ ሥር አደረገች። አልሰማሁም ነው። ጡሩምባ ትንፋሽ ስባ ደገመችው። ተኳሿ መዳፏን አላነሳችም። ሦስተኛ ጊዜ ስትጮህ መንገድ ላይ የሚያልፉ ሰዎች ቆመው በበሩ ማየት ጀመሩ፤ አንድ ሽማግሌ «ምን ሆና ነው?» ብለው ጠየቁ። ያኔ ከመጨረሻው ረድፍ አንዷ በሳቅ ፍርፍር አለች፣ ሌላዋ ተከተለች። ተኳሿ ከመጀመሪያው ጀምሮ መስማቷ ለሁሉም የገባው ያን ጊዜ ነው፣ ከሁሉም መጨረሻ ለጡሩምባ።

ተኳሿ ሳቀች። ድምፅ አውጥታ ስትስቅ ያዩዋት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ሳቁም እንደ ልማዷ ወደ ሳል ዞረባት፤ ጠረጴዛውን ይዛ፣ ዓይኗ እንባ እስኪያቀር ድረስ ሳለች፣ ከኪሷ መድኃኒቷን አውጥታ ሳበች።

አንድም ሰው ዞሮ አላየም። ሁሉም ወደ መርፌው አቀርቅሮ ይሰፋ ነበር። ጡሩምባ በሩ ላይ፣ ሳጥኗ ላይ እንደቆመች፣ «ይማርሽ» አለቻት፤ ቀስ ብላ ነው፣ በዚያ ሁሉ የመኪና ጩኸት ውስጥ ሊሰማ አይችልም። ተኳሿ ግን ከክፍሉ ጫፍ እጇን አነሳችላት። ሰምቻለሁ ነው።